ሰምና በረዶ

ዓሣ ከሚራገፍበት ከደንዲ ወደብ ዳርቻ
በረዶ አመላላሽ ነበርሁ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ብቻ።
አንድ ባልዲ ስባሪ፣ ቅርፊት የተጣበቀበት፣
ሽቅብ በድንጋዩ ደረጃ፣ ቁልቁል ወደ ምድር ቤት፣
ለዶክተር ኤልስፔት ራንከን፣ እጇ ቀልቶ ለሻከረ፣
ሳል ለማይለቃት ሴትዮ፣ ጥርሷ በሻይ ለጠቆረ።
«ቀለጠ እንዴ?» ትለኛለች። ሰላምታዋ ያ ብቻ ነበር።
ሌላውን ኋላ ለቀምሁት፣ ከዚህም ከዚያም፣ ነገር በነገር።

ቀን ትቆርጣለች፤ ሌሊት የቆረጠችውን ታነባለች፤
«እጄ ለሠራው ሥራ ዓይኔ ዳኛው ነው» ትላለች።
ሌሎቹ ሐኪሞች ግን ስለታቸውን አጥበው፣
የወጣውን እባጭ ከነደሙ ባልዲ ውስጥ ጥለው፣
ባርኔጣቸውን ደፍተው ለእራት ሲጣደፉ፣
እሷ ከላምባዋ ጋር፣ ስንት ሌሊቶች አለፉ!
ቁራጯን በሰም ትከፍናለች፤ ሲረጋላት ትልጣለች፣
እንደ ሽንኩርት ገለፈት ስስ፤ በቀለም ትነክራለች፤
አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ባንዱ ወርቁን ከሰሙ ትፈታለች።

ግን ሰም ቀናት ይፈጃል፤ ስለት ቀን አይጠብቅም።
በዚያ ዘመን ሕጉ አጭር ነው፦ ቁረጥ። መርምር አይልም።

ኢፊ ጌላትሊ ሸማኔ ናት፣ በጆንያ ፋብሪካ ያረጀች፣
እንደ ጓደኞቿ ሁሉ በመኪናው ጩኸት የደነቆረች፤
በከንፈር ነው የሚያወሩት፣ በጣትና በቅንድብ።
አንድ ቀን ጠጠር ዳሰሰች፣ ጡቷ ላይ፣ ከብብቷ ቀረብ።
ማክሰኞ ዕለት ተቆረጠ።
ዓርብ ሌሊት ሰሙ ተገለጠ፦
ነቀርሳ የለም።
መብራቱን አስጠጋች። ሌላ ልጣጭ አወጣች።
የለም።
የረጋ ስብ ነው፤ የድሮ ምት፣
ምናልባት መወርወሪያው ያመለጠ ዕለት።

«ተያት» አሏት ባልደረቦቿ፤ «ከነቀርሳ ዳንሁ ብላ ትኑር።
የፈሰሰ ውሃ አይታፈስ፤ ትመርቅሽ፤ ነገሩ ይቀበር።»

ቅዳሜ በማለዳ፣ ጉም ውስጥ፣ ኮቷን ደርባ መጣች፤
የኪራይ ቤቱን ጠመዝማዛ ሦስት ፎቅ ወጥታ አንኳኳች፤
ማን ሊሰማት? ገፍታ ገባች።
ብርሃን ከንፈሯ ላይ እንዲያርፍ ወንበሩን ወደ መስኮት አዞረች።
ድምፅ አላወጣችም። በከንፈር ብቻ፦
«በሽታ አልነበረብሽም። ተሳሳትሁ። ያለ ነገር ወሰድሁብሽ።»

ይህን በምን አወቅህ ትሉኝ እንደሆን፣ ምድጃው ጥግ ነበርሁ።
ኢፊ እናቴ ናት። ከንፈር ማንበብን ከጡቷ ጋር ነው የተማርሁ።

አላለቀሰችም። «የት አለ?» አለች፣ ጮክ ብላ፣
«አሳዪኝ!» ወዲያው ተነሣች፣ ሻሏን አንገቷ ላይ ጠቅልላ።
ምድር ቤት ወረድን ሦስታችን። ዓይኗን መነጽሩ ላይ ጣለች፤
«ክፉ ሸማኔ የሠራው፤ ድርና ማጉ ተዛብቷል» አለች።
ከዚያ ዞራ፦ «ይህን ማየት፣ ሳትቆርጪ በፊት፣ አይቻልም?»
ዶክተሯ አፏን ከፈተች።
የሚነበብ ቃል ግን የለም።

ሁለት ክረምት ፈጀባት። ሰሙን ተወች፤ በረዶ ያዘች፤
ጨው ቀላቀለች፣ ምላጭ ሰበረች፣ ስንት የበግ ጉበት አበላሸች፤
በመጨረሻ፣ ታማሚዋ ከማደንዘዣው ሳትነቃ፣
ብጣሿ ደርቃ፣ ተልጣ፣ ተነብባ፣ በሩብ ሰዓት። በቃ።
ያን ዓመት አሥራ ዘጠኝ ሴቶች ከነጡታቸው ቤት ገቡ።
እኔን፣ ባልዲዬን፣ እናቴን ከቶ ከየት ያስቡ?

እናቴ ይቅር አላለቻትም። መንገድ ላይ ፊቷን ታዞር ነበር።
ሥራውን ግን የለመነችልኝ እሷው ናት፦
«በረዶውን ልጄ ያምጣ፤ ሯጭ ነው፤ ሌላ አይቀጠር።»

ዶክተሯ በሳሏ ሞተች። ከኪሷ ቁራጭ መስታወት ወጣ፣
ጠርዙ ላይ በእጇ የጻፈችበት፦ «ኢፊ ጌ.። ስህተቱ የኔ።»
ዞሮ ዞሮ ለኔ ደረሰኝ።
ሰባ አልፎኛል። ጣቶቼ ዛሬም በሐምሌ ይቀዘቅዛሉ።
ጠዋት ጠዋት ወደ መስኮቱ አስጠጋዋለሁ፤
ሮዝ ነው፣ እዚህ ጋ ሰማያዊ ነው፤
ድርና ማጉ እንደተዛባ ነው።